በጣሳ የሚሸጥ ስንዴ፣ በመኪና የሚጫን ስንዴ

«ስንዴውን እኮ እየሸጡት ነው!»

ይህችን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በመምህራን ክበብ ትነገራለች፤ በሚኒባስ ውስጥ ትነገራለች፤ ስለ ምግብ ዋስትና በሆቴል አዳራሽ በሚካሄድ ዐውደ ጥናት ላይም ከሻይ ዕረፍት በኋላ እጁን አውጥቶ የሚናገራት አንድ ሰው አይታጣም። የምትገርመኝ አጭርነቷ ነው። ተናጋሪው ከእርሷ በኋላ ማስረጃ እንዲያቀርብ አይጠበቅበትም፤ የቀረውን አድማጩ በራሱ ይሞላዋል። የተራበ ሰው ምግብ አይሸጥም፤ የሸጠ ሰው አልተራበም፤ ያልተራበ ሰው ከተረጂዎች መዝገብ ይሰረዝ! እኔ ምጣኔ ሀብት አስተምራለሁ፤ ይህን ክርክር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ ምን ያህል እንደምሰጠው ለአንባቢ መናገር አያስፈልገኝም።

አቋሜ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ተረጂ የተሰጠውን ስንዴ የመሸጥ፣ በሸጠበትም ገንዘብ ቡናም ይሁን ሽንኩርት፣ ሳሙናም ይሁን ስኳር የመግዛት መብት አለው። ይህን መብት የሚነፍግ ደንብም ሆነ ወቀሳ የእውነተኛውን ሌባ ዱካ ይሸፍናል እንጂ ሌላ ፋይዳ የለውም። ክርክሬን የምጀምረው ከመተማና ከአካባቢዋ ቆላ ነው። የከተማ አንባቢ መተማን የሚያስታውሳት አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት ምድር ስለሆነች ነው፤ አለዚያም ወደ ሱዳን ስለሚሻገር ወጣት ሲወራ ነው። ስለ ረኀብ ሲነሣ ግን መተማ ትዝ አትለውም፤ የሰሊጥ አገር፣ የጥጋብ አገር ተብላ ተመዝግባለችና። ከእርሷ መጀመሬም ለዚሁ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በትግራይ ይሰጡት የነበረውን የምግብ ዕርዳታ አቋረጡ። በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ዕገዳው መላውን ኢትዮጵያ አዳረሰ። የተሰጠው ምክንያት ሰፊና የተቀናጀ ምዝበራ ተደርሶበታል የሚል ነበር። በዚያ ዓመት የምግብ ዕርዳታ ይፈልጋል የተባለው ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። በመጠለያ የሚኖሩ ስደተኞች እንኳ ከዕገዳው አልተረፉም፤ ለእነርሱ ዕርዳታው የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ለቀረው ሕዝብ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ።

አሁን ቀኖቹን ከመተማ ጋር አያይዘን እንያቸው። የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከካርቱም የሸሸው ሰው ገላባትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲገባ የድንበሩን ድልድይ ያህል እንኳ ያልራቀ ተስፋ ይዞ ነበር። ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላው በማያውቀው አገር፣ በማያውቃቸው ሰዎች ጥፋት ራሽኑ ተቋረጠበት። እርሱ ከየትኛው መጋዘን ምን ሰርቆ ነበር?

«የተቀናጀ ምዝበራ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብለን ብናስብበት ጥሩ ነበር። መጋዘን ይፈልጋል። የሐሰት ስም ዝርዝር ይፈልጋል። ማኅተም፣ የይለፍ ወረቀት፣ የጭነት መኪና፣ ነዳጅ፣ ብዙ መቶ ኩንታል በአንድ ጊዜ የሚረከብ ነጋዴ ይፈልጋል። በመንገድ ኬላ ላይ ዐይኑን የሚጨፍን ሰውም ይፈልጋል። በጉሊት ላይ ከማዳበሪያ ከረጢት እየዘገነች በጣሳ ስንዴ የምትሸጥ ሴት ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የላትም። ያላት ጣሳ ነው። ነገር ግን ስለ ምዝበራ ዜና በወጣ ቁጥር በብዙዎቻችን ዐይነ ሕሊና የምትመጣው እርሷ ናት፤ የለጋሹ አርማ ያለበት ከረጢት ከፊቷ ተዘርግቶ ስለሚታይ። መኪናው ሌሊት ስለሚሄድ አይታይም።

ለመሆኑ ለምን ትሸጣለች? የዕርዳታ ራሽን በአብዛኛው ስንዴ፣ ጥቂት የአተር ክክ፣ ዘይትና ጨው ነው። ይህ በወረቀት ላይ በካሎሪ ተሰልቶ የተዘጋጀ ነው፤ ስሌቱም ትክክል ይሆናል። ችግሩ ሰው ካሎሪ አይበላም። ቆላው የማሽላ አገር ነው፤ የመተማ ገበሬ የማሽላ እንጀራ ይበላል፤ ከድንበር ማዶ የመጣችውም ሱዳናዊት ለአሲዳዋና ለኪስራዋ የለመደችው ማሽላ ነው። ስንዴውን በማሽላ ለመለወጥ ገበያ ብትወጣ «ሸጠች» ይባላል። የግድ ስንዴውን እንብላው ብንል እንኳ ጥሬ ነው። መፈጨት አለበት። ለወፍጮ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለማገዶ ወይ ገንዘብ ወይ ወደ ጫካ መውረድ ያስፈልጋል፤ በመተማ ዙሪያ ጫካ መውረድ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በነፍስ መወራረድ ነበር።

ከተማሪዎቼ የመመረቂያ ጥናት ጋር በተያያዘ ወደ ቆላው በወረድኩበት ጊዜ ከበለሳ በሰፈራ የመጡ አንዲት እናት ስለዚያ ዘመን ራሽን ሲያጫውቱኝ፣ «ይሸጡት ነበር ይባላል፤ እውነት ነው እናቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው። «ልጄ፣ ስንዴ እኮ በጥሬው አይዋጥም። ባለ ወፍጮው በነፃ ይፈጭልኛል? ለልጁ የወባ ኪኒን መግዣስ ከየት ይምጣ? ስንዴው ገንዘቤ ነበር» አሉኝ።

ሦስት ዓመት የተማርኩበት የዶክትሬት ትምህርት ከዚህ ብዙም የተሻለ ማብራሪያ አልሰጠኝም። ለሰው የሚያስፈልገው ብዙ ነገር ሆኖ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ያ አንድ ነገር ገንዘብ ይሆናል። መጥፎ ገንዘብ ነው እንጂ። ዕደላ በሆነበት ቀን ሁሉም ሻጭ ስለሚሆን ዋጋው ይወድቃል፤ ነጋዴው በርካሽ ገዝቶ ያከማቻል፤ ከወር በኋላ ያችው ሴት ያንኑ እህል በውድ ትገዛዋለች። በዚህ መሐል የሚጎዳ ሰው ካለ እርሷው ናት። ለለጋሹ የሚያዝንለት የከተማ ሰው ለእርሷ ኪሳራ ሲያዝን ግን አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ወደ መዝገቡ ልመለስ። ተረጂ ማን ነው? በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ሁለት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያ ወረዳው «ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ያለበት» ተብሎ መመረጥ ነበረበት፤ ለዚህም ዋናው መለኪያ በቀደሙት ዓመታት በተከታታይ ዕርዳታ መቀበሉ ነው። ቀጥሎ በተመረጠው ወረዳ ውስጥ በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤተሰብ በማኅበረሰቡ ይለያል። በደጋው በኩል በለሳ፣ እብናት፣ ላይ ጋይንት ገቡ። መተማና ቋራ ትርፍ አምራች ናቸውና ቀሩ።

ትርፉ የማን ነው? ሰሊጡ የባለሀብቱና የላኪው ነው። ጥጡም እንዲሁ። በየዓመቱ ክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያድራል፤ ወባ ይይዘዋል፤ የአሸዋ ዝንብ ነክሳው ካላዛር ይይዘዋል። ካላዛር በተለይ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ላይ እንደሚበረታ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ይህ ሠራተኛ በትውልድ ቀበሌው ሲቆጠር «የለም»፤ በመተማ ሲቆጠር «ነዋሪ አይደለም»። በአካባቢው ሳሉግ እየተባሉ የሚጠሩት፣ ዓመት ከዓመት በቆላው የከረሙት እንኳ በብዙ መዝገብ ላይ የሉም። ምርቱ በወረዳው ስም ይመዘገባል፤ አምራቹ ግን የትም አይመዘገብም። ወረዳው በእርሱ ጉልበት «ትርፍ አምራች» ተባለ፤ ትርፍ አምራች ስለተባለም እርሱ ቢራብ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት የለም።

ሰፋሪዎቹስ? ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በአራት ክልሎች 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ በፈቃዱ አሰፍራለሁ ሲል፣ መተማና ቋራ በአማራ ክልል ከተመረጡት ቆላዎች መካከል ነበሩ። እስከ ሁለት ሄክታር መሬትና እስኪቋቋሙ የሚሆን የስምንት ወር ራሽን ቃል ተገባ። ስምንት ወር! አንድ የመኸር ወቅት ቢያልፍበት፣ አባወራው በወባ ቢተኛ፣ ዝናቡ ቢዘገይ የሚል ነገር በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ዘጠነኛው ወር ሲገባ ሰውየው ከበለሳ «ችግረኛ» ወደ መተማ «ራሱን የቻለ» ተለወጠ። የተለወጠው አድራሻው ነበር።

(በነገራችን ላይ በሴፍቲኔት ቋንቋ ከዕርዳታ መውጣት «ምረቃ» ይባላል። ይህን ቃል ማን እንደመረጠው አላውቅም፤ ጋዋን አልብሶ ሥራ ሳይኖረው ወደ ቤቱ የሚሸኝ ተማሪ በየዓመቱ የማይ መምህር እንደመሆኔ ግን ምርጫው ተገቢ ነው ለማለት እገደዳለሁ።)

ከሁሉም ይልቅ የመዝገብን ጭካኔ ያሳዩት ስደተኞቹ ናቸው። ሱዳናውያኑ ኩመርና አውላላ በተባሉ ሁለት መጠለያዎች ሰፍረው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ስለገባ፣ በአካባቢው ዝርፊያውም እገታውም በረታ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች ጓዛቸውን ተሸክመው ከአውላላ ወጡ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ባለ ጫካ ውስጥም ለወራት ተቀመጡ። ሁለቱም መጠለያዎች በኋላ ተዘግተው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ነገሩን ከዕርዳታ አንጻር ያየነው እንደሆነ፣ እነዚህ ሰዎች የተሰጣቸው ምርጫ ይህ ነበር፦ ራሽኑ ያለበት ቦታ ደኅንነት የለም፤ ከዚያ ከራቁ ደግሞ የዕርዳታው ሥርዓት ከኋላቸው ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ በአፍሪካ ደረጃ የተመሰገነ አዋጅ ነው። መሥራት ያልቻለ፣ መንቀሳቀስ ያልቻለ፣ ያለችውን ስንዴ እንዳይሸጥ የሚወቀስ ሰው በዚህ አዋጅ ምን ያድርግበት?

ምግብ ባለበት አገር ሰው ለምን እንደሚራብ ከእኛው ታሪክ በላይ ያስተማረ የለም። አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረኀብ በሚናገረው መጽሐፉ የወሎን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. እልቂት መርምሮ ያገኘው፣ በአገሪቱ ያለው እህል በጠቅላላው ይህን ያህል እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደሚጠበቀው እንዳልናረ ነበር። የጠፋው እህል ብቻ አልነበረም፤ የወሎ ገበሬ የመግዣ አቅሙ ነው የጠፋው። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ይወጣ ነበር። ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመራችን በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተበሠረ፤ የዕርዳታው ዕገዳ በአገሪቱ ሁሉ የተጣለው ከአራት ወር በኋላ ነው። እህል የለም ወይስ አለ? ለሚገዛው አለ። እንግዲህ ረኀብ የመግዣ አቅም ማጣት ከሆነ፣ የተራበን ሰው «እንዳትገዛ፣ እንዳትሸጥ» ብሎ ማዘዝ በሽታውን ማባባስ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ወደ እኔና ይህን ወደምታነቡ ወገኖቼ። እኛም ተደጓሚዎች ነን። ከሸማቾች ማኅበር በተወሰነ ዋጋ ስኳርና ዘይት ስንወስድ ኖረናል። ቤታችን ስኳር በቃን ብለን ለጎረቤት ያዛወርነው፣ ለዘመድ የላክነው ስንት ነው? እስከ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ደግሞ ቤንዚን ለማንም ባለ መኪና በድጎማ ይቀዳ ነበር። በዚያ በተደጎመ ቤንዚን ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ ልንበላ ወደ ቢሾፍቱ ስንወርድ «ድጎማውን ለማይገባ ነገር አዋላችሁት» ብሎ ያስቆመን ትራፊክ አልነበረም። በአንጻሩ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት የጎዳና ጽዳት ሠራተኞቹን ከሚከፈላቸው 20 በመቶውን በግድ ያስቆጥባቸው ነበር። ቁጠባ መልካም ነገር ነው። ሆኖም ደመወዛችንን በሙሉ ከወር ወር የምንጨርስ ሰዎች፣ በቀን ገቢዋ ልጇን ለምታበላ መንገድ ጠራጊ የቁጠባ ባህል ልናስተምር ስንነሣ ትንሽ ልናፍር ይገባን ነበር።

«ታዲያ አረቄ ቢገዛበትስ?» ይባላል፤ ሁልጊዜ ይባላል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ 19 ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ውጤት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል፦ ገንዘብ የተሰጣቸው ድሆች በአልኮልና በትምባሆ ላይ የሚያወጡት በጥቅሉ አልጨመረም። የሚጠጣ የለም አላልኩም። የሚጠጣ ሰው ስንዴ ቢሰጠውም ይጠጣል፤ ሀብታምም ሆኖ ይጠጣል፤ ዶክትሬት ይዞም ይጠጣል። አሜሪካኖቹ ሳይቀሩ በዚሁ ክርክር እንደተጠመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከኔብራስካ ጀምሮ ተራ በተራ በርካታ ግዛቶች ድሆች በምግብ ድጎማ ካርዳቸው ለስላሳ መጠጥ እንዳይገዙ ፈቃድ አውጥተዋል። ሀብታሙ እንደልቡ ይጠጣዋል፤ ስኳሩ የሚጎዳው የድሃውን ጥርስ ብቻ ይመስል። የእኛዎቹ ባለሙያዎች ይህን ሰምተው «ካርድ ይሰጣቸው፤ ካርዱ ዱቄትና ዘይት ብቻ ይግዛ» ማለታቸው አይቀርም። ኔትወርክ በሌለበት፣ መብራት በሌለበት ቆላ!

«እንግዲያው ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ይሰጥ ነው የምትለው?» ለሚለኝም፣ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል የሴፍቲኔት የቀን ክፍያ ከ6 ብር ወደ 8 ብር ብቻ ነበር ያደገው፤ ገንዘብ ይቀበሉ የነበሩ ተረጂዎች ስንዴው ይሻለናል ማለት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ካሌ ሂርቮነንና ጆን ሆዲኖት የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህኑ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ጠይቀው ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ ለጋሾች ገንዘብ ሲመርጡ አብዛኛው ተጠቃሚ ክፍያው በእህል፣ ወይም ቢያንስ ከፊሉ በእህል እንዲሆን ይመርጣል፤ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ይበልጡን። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት ከብዙ ባለ ዲግሪ አላየሁም። ገበሬው ብር እንደሚረክስ ከብሔራዊ ባንክ ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ እርሱን ጠይቁት። ዘንድሮ ስንዴ ከፈለገ ስንዴ፣ ከርሞ ብር ከፈለገ ብር። ስንዴም ከሆነ የወፍጮው ዋጋ አብሮ ይሰጥ፤ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ በጉሊት ላይ ከሚታየው ስንዴ ጥቂት የማይባለውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው ግን ይህ ትንሽ ነገር ነው።

ቁጥጥር ይቅር አላልኩም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዕርዳታው የተመለሰው ተረጂውን በዲጂታል መዝግቦ፣ ከረጢቱን ከመጋዘን እስከ ዕደላ ተከታትሎ፣ ምርጫውንም ከአካባቢ ሹማምንት እጅ አውጥቶ ለመሥራት በሚል ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተገቢ ናቸው፤ የሚያዩት ወደ መኪናውና ወደ ማኅተሙ ነውና። የመጀመሪያው ግን በጣት አሻራ የተመዘገበን ሰው እንጂ በሰሊጥ ማሳ የተረሳን ሰው አያገኝም። የወረዳ ትርፍ አምራችነት በዚያው ወረዳ ለሚራብ ሰው መከልከያ መሆኑ ይቅር። የዕርዳታ ስም ዝርዝር በቀበሌው ደጃፍ ይለጠፍ፤ ማን እንዳለበት፣ ማን እንደሌለበት ሰው ሁሉ ይይ። የቀን ሠራተኛ ባለበት ቦታ ይቆጠር፤ ለዚህ ደግሞ አመቺው ጊዜ አረም የሚጀመርበት ሐምሌ ነው።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። ዩኤስኤአይዲ ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጠረው በ27 መጠለያዎች ለሚኖሩ 780,000 ስደተኞች ይሰጥ የነበረውን ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደው። ለአንድ ሰው በቀን ከ1,000 ካሎሪ ያነሰ ማለት ነው፤ ለጤናማ ሰው ያስፈልጋል የሚባለው 2,100 ሆኖ ሳለ። ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን አዲስ ለገቡ 70,000 ያህል ሰዎች ብቻ ሙሉው ራሽን ለስድስት ወር እንዲቀጥል ተወሰነ። የረኀብ መለኪያው የመግቢያ ቀን ሆነ። በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባዬ ስለዚሁ ዜና ስንነጋገር፣ ሻይውን እያማሰለ፣ «ቢሆንም እኮ እየሸጡት ነው» አለኝ። ከ40 በመቶው ላይ ወፍጮውን የሚከፍሉት በምን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።